የጉንፋን ዘር ቆጣሪዋ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ በሩ ላይ እፍ ይላል። በሩ ትንፋሹን ቀምሶ ንጹሕ ሆኖ ካገኘው ይከፈታል። ካልሆነ «ዛሬ ቤት ቢውሉ ይሻላል» ብሎ በትሕትና ይቆለፋል። በ2068 ዓ.ም. ይህ ለማንም አዲስ ነገር አልነበረም። ሕፃናት እፍ ማለትን የሚለምዱት አፍ ሳይፈቱ ነው። ሰላምታውም ተለውጦ ነበር። «እንዴት አደርክ» የሚለው ሽማግሌ ብቻ ሲሆን ሌላው ሰው «በርህ ተከፈተልህ?» ይባባላል።

በየሰፈሩ መግቢያ ላይ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ የበሽተኛ ስም አይወጣም። የሚወጣው ጉንፋኑ ከየትኛው የቤት ቁጥር ወደ የትኛው እንደሄደ የሚያሳይ ሐረግ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ደግሞ የቤት ቁጥር ከስም ይበልጥ ይታወቃል። ስለዚህ ሰዉ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ሰሌዳው ሥር ቆም ብሎ ያነባል። ማን የማንን ደጅ እንደረገጠ ይታወቃል። «የምራቴ ደጅ አልደርስም» ብላ የማለችው አማት ጉንፋን የያዛት ከምራቷ መሆኑም ይታወቃል። አንዳንዱ በጉንፋኑ ዘር ይኮራል። «የእኔ እኮ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የመጣ ነው» ይላል አፍንጫውን እየጠረገ፤ «የእናንተ ከሐርቡ ነው።»

ጦይባ እንድሪስ የምትሠራው በከተማው ጤና ቢሮ ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። የሥራ መደቧ «የንክኪ መርማሪ» ይባላል፤ ሰው ግን «የጉንፋን ዘር ቆጣሪዋ» ይላታል። ሐረጉን የሚሠራው መዝገቡ ነው። መዝገቡ ከየበሩ የተሰበሰበውን ትንፋሽ እያነጻጸረ የእያንዳንዱን ጀርም ወላጅ ያገኛል። እሱ ያልደረሰበትን ክፍተት ጦይባ በእግሯ ዞራ፣ ሰው ጠይቃ ትሞላለች።

በዚያ ዓመት የመጣው ጉንፋን ሰባት-አርባ ይባል ነበር። ወጣቱን ሦስት ቀን አስነጥሶ ይለቀዋል፤ ሽማግሌ ላይ ግን ሳንባ ይገባል። ቆላ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አሥራ አንድ አረጋውያን ገድሏል። ስለዚህ ደንቡ ጠበቅ ያለ ነበር። አንድ ሐረግ በአምስት ቀን ውስጥ ካልተሟላ፣ ክፍተቱ ያለበት ሰፈር ሠርግም ለቅሶም ገበያም ለሃያ አንድ ቀን ይዘጋበታል።

ሰኞ ጠዋት የጦይባ ስክሪን ላይ ይህ መልእክት ወጣ፦ «በቤት ቁጥር 118 እና በቤት ቁጥር 342 መካከል አንድ ያልታወቀ ሰው አለ። ሁለቱ አባወራዎች የተመዘገቡ ጠበኞች በመሆናቸው ቀጥታ ንክኪ አይታሰብም። ያልታወቀው ሰው እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ይገኝ።»

ጦይባ ሻይዋን አስቀመጠች። 118 የአቶ ደርበው ቤት ነው፣ ላይ ሰፈር። 342 የአቶ ሙሄ ቤት ነው፣ ታች ሰፈር። የፊታችን እሑድ ደግሞ የአቶ ደርበው የልጅ ልጅ፣ ማኅደር፣ ልትዳር ነው። ድንኳኑ ቆሟል። ጠላው ተጠምቋል። ጉንፋኑም የመጣው ለሠርጉ ከአዳማ በመጣች ዘመድ ነበር።

የሁለቱ ሰዎች ጠብ ያልሰማ የኮምቦልቻ ሰው የለም። ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ በሮቹ ገና እንደተገጠሙ፣ አቶ ሙሄ የሰፈሩ የጤና ተጠሪ ነበሩ። አቶ ደርበው ልጃቸውን ጥሩዓለምን ሊድሩ ሽር ጉድ ሲሉ ሳል ያዛቸው፤ አቶ ሙሄም ሰምተው በሽተኛ ብለው አስመዘገቧቸው። ሳሉ ለሠርጉ ከሚወቀጠው በርበሬ የመጣ ነበር። ይህ እስኪታወቅ አቶ ደርበው ደሴ ተወስደው ሃያ አንድ ቀን ተዘጋባቸው፤ ጥሩዓለምም አባቷ ሳይመርቋት ተዳረች። ሁለቱ ጎረቤቶች ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። አንድ የነበረው ዕድር ለሁለት ተከፈለ፤ አስፋልቱ ድንበር ሆነ። እስላሙም ክርስቲያኑም በሁለቱም ወገን ነበረ። ሰዉ የተለያየው በሃይማኖት ሳይሆን በሳል ነው። ሁለቱ ዕድሮች ለጤና ቢሮ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጽፈው ጠቡን አስመዘገቡ፤ በወረርሽኝ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች አንድ ክፍል እንዳይገቡ ነበር።

የሰኞው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንደወጣ ሰው ወደ ጦይባ ቢሮ ይጎርፍ ጀመር። ላይ ሰፈር ለሠርጉ ያልተዘጋጀ ቤት አልነበረም፤ ታች ሰፈርም ገበያው እንዲዘጋበት አልፈለገም፤ ሁሉም ያልታወቀው ሰው መሆን ፈለገ።

መጀመሪያ የመጣው ፀጉር አስተካካዩ ሸምሱ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሁለቱንም በአንድ ፎጣ ነው የላጨኋቸው።»

ጦይባ እፍ አስባለችው። ንጹሕ ነው። መዝገቡ ሐረጉን አልተቀበለውም፤ የፎጣውን ነገር ግን ተቀብሎ የሸምሱን ሱቅ ለሦስት ቀን ዘጋው።

ከእሱ ቀጥሎ ከላይ ሰፈር እትዬ ዘርፌ መጡ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«ጻፊ ልጄ። ሁለቱንም ስሜያቸዋለሁ።»

«ጉንጫቸውን ነው?»

«እንደፈለግሽ አድርገሽ ጻፊው።»

የእትዬ ዘርፌም ትንፋሽ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ቅር እያላቸው ተነሡ። «ለሠርጉ ብዬ ነው እንጂ ስሜን እንዲህ አላስነሣም ነበር» አሉ። በሩ ጋ ደርሰው ዞሩ። «ደግሞ አንዱን እውነቴን ነው።»

«የትኛውን?»

«እሱን አልናገርም።»

ከሙሽራው ወገን የመጣ ጎረምሳ ደግሞ «አሁኑኑ ሄጄ ልያዝና እኔ ብሆንስ?» ብሎ ጠየቃት። ጦይባ ቢሮውን ዘጋችበት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጦይባ የሰው ቃል ማዳመጡን ትታ የበሮቹን መዝገብ ከፈተች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከቅዳሜ ጀምሮ በራቸው ተቆልፎባቸዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞ ግን የ118 በር ስምንት ሰዓት ላይ ተከፍቷል። የ342ም በስምንት ሰዓት ከአምስት። ሁለቱም የተመለሱት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በመካከሉ ትንፋሻቸውን ያነበበ ሱቅ የለም፣ መስጊድ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ባጃጅ የለም። ሁለት ሽማግሌዎች ለሦስት ሰዓት ተኩል ከምድር ላይ ጠፍተዋል። ወደ ኋላ ሄዳ ከዚያ የቀደመውን ማክሰኞ አየች። ያው ነው። ያለፈውን ዓመት አየች፣ ያው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ። መዝገቡ ይህን ሁሉ እያየ አላየውም ነበር፤ አይሆንም ተብሎ የተነገረውን ነገር አይፈልግም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንፋሽ የማይነበብበት ቦታ ጥቂት ነው። ጦይባ በሐሳቧ አንድ በአንድ እያነሣች ጣለች። የቀረው በቦርከና ድልድይ አጠገብ ያለው አሮጌው ነዳጅ ማደያ ነው። የመጨረሻው የቤንዚን መኪና ከቆመ ወዲህ የሚደርስበት ሰው የለም። ጭምብሏን አጥልቃ ሄደች።

ገና ከሩቁ ድምፅ ሰማች።

«በላሁህ!»

«የት አባህ! ያ እኮ የእኔ ነው፣ ግልብጡ የእኔ ነው!»

ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ መልሶ ሳቅ ሆነ።

ጦይባ ከዛገው የነዳጅ መቅጃ ጀርባ ብቅ አለች። አቶ ደርበውና አቶ ሙሄ በተገለበጠ ጄሪካን ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ካርቶን ላይ የተሠመረ ዳማ አለ፤ ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ የአንዱ ቀና፣ የሌላው ግልብጥ። አንድ ፔርሙስ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም ቀና ብለው አዩአት።

«ጋሽ ደርበው፣ በርዎ ተቆልፏል አይደል?» አለች።

«ተቆልፏል» አሉ አቶ ደርበው። «በመስኮት ነው የወጣሁ።»

«እርስዎስ ጋሽ ሙሄ?»

«የእኔ መስኮት ፍርግርግ አለው። የጓሮው በር ግን እፍ አያስብልም። ከዚያ አጥር ዘለልኩ።»

«በሰባ ስድስት ዓመትዎ?»

«አጥሩ ዝቅ ያለ ነው፣ አብሽሪ።»

ጦይባ ለመቆጣት አስባ ነበር፤ ግን አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ሐረጉ በቀጥታ ነው ማለት ነው» አለች። «በመካከል ማንም የለም።»

«ፔርሙሱ አንድ ክዳን ነው ያለው» አሉ አቶ ሙሄ። «ሌላው ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። በአንድ ነው የምንጠጣ።»

ነገሩን የነገሯት እየተነጣጠቁ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሁለቱም በአንድ ሳምንት ታመው ነበር። ያን ጊዜ አልጋ ጠፍቶ ስለነበር ደሴ አንድ ክፍል ውስጥ አስገቧቸው፤ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

«ሦስት ቀን ጀርባ ተሰጣጥተን ተኛን» አሉ አቶ ደርበው። «በአራተኛው ትኩሳቱ ጠናብኝ። ውኃ የሚያቀብለኝ ከእሱ ሌላ ሰው የለም። አንገቴን ደግፎ አጠጣኝና ‹ደርቤ፣ በርበሬ መሆኑን አላወቅኩም ነበር› አለኝ። እኔም አለማወቁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደበቃችሁን?»

«ምን ብለን እንናገር?» አሉ አቶ ደርበው። «ሰው በእኛ የተነሣ ልጅ ሳያጋባ፣ ሬሳ ሳያጅብ ኖሯል። ‹እኛ ታርቀናል፣ እናንተም ተዉት› ልንል ነው? ነገ እንናገራለን፣ ነገ እንናገራለን ስንል...»

«ዳማው ጣመን» አሉ አቶ ሙሄ።

ጦይባ መሬት መሬቱን ታይ ነበር። «እናቴ የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው» አለች። «ስትቀበር ከላይ ሰፈር አስፋልቱን የተሻገረ ሰው የለም። እትዬ ዘርፌ አብሮ አደጓ ናቸው፤ ከማዶ ቆመው ነው ያለቀሱላት። ያን ጊዜ እናንተ ዳማ ትጫወቱ ነበር ማለት ነው።»

አቶ ሙሄ ኮፍያቸውን አወለቁ። «በዚያ ሳምንት አልተጫወትንም፣ ወላሂ። እዚሁ ተቀምጠን አለቀስንላት።»

«እዚህ ማልቀሳችሁ ለእኔ ምን ረባኝ?»

አቶ ደርበው ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ላስቲክ ከረጢት ይከትቱ ጀመር።

ረቡዕ ጠዋት ጦይባ ሐረጉን አስገባች፤ ከ118 ወደ 342፣ ቀጥታ። መዝገቡ ወዲያው መለሰላት። «ጠብ የተመዘገበ ነው። ሐረጉ እንዲጸድቅ የዕርቅ ቅጽ ይሞላ። ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሮቹ የዕርቁን ቀን ከተጠያቂዎቹ አፍ መስማት አለባቸው።»

ስልክ ደውላ ለሁለቱ ነገረቻቸው። አቶ ሙሄ ደስ አላቸው። «ቀላል ነው! ሽማግሌ ይምጣና ዛሬ ያስታርቀን። እኔ ትንሽ እግደረደራለሁ፣ እሱ ትንሽ ያለቅሳል፣ አለቀ።»

«አይሆንም ጋሽ ሙሄ። የተያዙት ባለፈው ሳምንት ነው። ዛሬ ከታረቃችሁ ባለፈው ሳምንት ጠበኞች ነበራችሁ ማለት ነው። ዕርቁ ከበሽታው መቅደም አለበት።»

«ስንት ቀን?»

«እውነቱን፣ ጋሼ። አምስት ዓመት።»

«ይገድሉናል» አሉ አቶ ሙሄ።

ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ሁለቱ ዕድሮች አስፋልቱ ግራና ቀኝ ተሰበሰቡ። የላይኛው በላይ፣ የታችኛው በታች። ቢሮው በሽተኛ የሚያመላልስባቸውን ሁለት የመስተዋት ጋሪዎች ልኮ ነበር። አቶ ደርበው በአንዱ፣ አቶ ሙሄ በሌላው ተቀምጠው መጡ፤ እንደ ዳቦ ቤት ዳቦ ከሁሉም አቅጣጫ ይታያሉ። ትንፋሻቸው መስተዋቱን እያደበዘዘው በየጊዜው በመዳፋቸው ይጠርጉታል። የሙሽራዋ እናት ጥሩዓለም በእጇ የወጥ ማማሰያ እንደያዘች ከድንኳኑ መጣችና ከፊት ቆመች።

ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። አቶ ደርበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰዉ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ወገኖቼ፣ ያልታወቀ ሰው የለም» አሉ። «ጉንፋኑን ለሙሄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«በምን ተገናኝታችሁ?» አለ አንድ ድምፅ ከታች።

«በሻይ። ማክሰኞ ማክሰኞ አብረን እንውላለን። ከታረቅን አምስት ዓመታችን ነው።»

እትዬ ዘርፌ «አምስት?» ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ከላይም ከታችም ጫጫታው ፈነዳ። አንዱ «ወንድሜን ሳልቀብር!» ይላል፤ ሌላዋ «ልጄ የወደዳትን ከልክዬው!» ትላለች። አቶ ሙሄ በማጉያው «አፉ በሉን፣ ማሩን» ቢሉም የሰማቸው የለም።

ጥሩዓለም ወደ አባቷ ጋሪ ተጠጋች። እሷ ስትናገር ሌላው ዝም አለ።

«ሕፃን ሆኜ ፀጉሬን የምትሠራኝ የጋሽ ሙሄ ሚስት ነበረች» አለች። «እትዬ አንሻ። ስትሞት አልሄድኩም። መንገድ ላይ ልጆቿን ሳይ ፊቴን አዞርኩ። ለአንተ ብዬ ነው ያዞርኩ። የሞተችው ከአራት ዓመት በፊት ነው፣ አባ። ከአራት!»

አቶ ደርበው መዳፋቸውን መስተዋቱ ላይ አሳረፉ። «ልጄ...»

ጥሩዓለም ግን ማማሰያዋን እንደያዘች ወደ ድንኳኗ ተመልሳለች።

ጦይባ ምስክሮቹን አስፈረመች። ስድስቱም ፈረሙ፤ ሁለቱ እያለቀሱ፣ አንዱ እየተሳደበ። መዝገቡ ሐረጉን አጸደቀ። ክፍተቱ ተዘጋ፤ ሠርጉም ተፈቀደ።

ሰዉ ግን ወደ ቤቱ አልገባም። በሁለቱ ሰዎች ላይ ለመፍረድ ሁለቱ ዕድሮች ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተቀመጡ። ማን ሰብሳቢ ይሁን በሚለው ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ተከራከሩ። ፍርዱ ግን ያለ ተቃውሞ አለፈ። በእነሱ ሳቢያ ያልተደረሰ ለቅሶ ሁሉ ይቆጠር፤ ስልሳ ሦስት ቤት ሆነ። ሁለቱም ሲድኑ በየቤቱ እየዞሩ፣ መሬት ተቀምጠው ይድረሱ። ዳማውን ዕድሩ ይውረሰው። «የትኛው ዕድር?» ብሎ አንዱ ሲጠይቅ ሁሉም ተያዩ። «ዕድሩ» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ከተቆለፈ በር ስለወጡ ደንቡ በክትትል እንዲቆዩ ያዛል። ጀርማቸው አንድ ስለሆነ አንድ ክፍል ይፈቀዳል። ጦይባ በአቶ ደርበው ግቢ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ሁለቱንም አስገብታ ቆለፈችባቸው። መስኮቱንም አልረሳችም።

አርብ እኩለ ቀን ላይ የአቶ ደርበው ትኩሳት ወጣ። ሐኪም መጥቶ ኦክስጅን አደረገላቸው። አቶ ሙሄ በሰዓት በሰዓት አንገታቸውን እየደገፉ ውኃ ያጠጧቸው ነበር። ጥሩዓለም በዚያ ቀን ለጦይባ ስድስት ጊዜ ደወለች። «ትንፋሹ እንዴት ነው?» ትላለች፤ መልሱን ሰምታ ትዘጋለች። ከሰርቪስ ቤቷ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ እየዋለች ወደ መስኮቱ ግን አልቀረበችም። ቅዳሜ ትኩሳቱ በረደ።

እሑድ ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሰዉ እንደ ልማዱ ተለያይቶ ነበር። በኋላ ምግቡ ሲወጣ ወንበር አነሰና ተቀላቀለ። ማኅደር በነጭ ቀሚሷ ወደ ሰርቪስ ቤቷ መጥታ መስተዋቱን በጣቷ አንኳኳች። አቶ ደርበው ተነሥተው በመስተዋቱ መረቋት። አቶ ሙሄም ከጎናቸው ቆመው «አሚን» አሉ። ጦይባ በራፉ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ አየች፤ ሥራዋ ስለሆነ ሰዓቱን መዘገበች።

ሙሽሮቹ እንደሄዱ ጥሩዓለም ሳህን ይዛ መጣች። ጭምብሏን ከፍ አድርጋ ትንሿን የምግብ መቀበያ መስኮት ከፈተች።

«ጋሽ ሙሄ፣ እንዴት ዋሉ?»

ከሃያ አራት ዓመት ወዲህ ለአቶ ሙሄ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው።

«ይኸው። የእስላሞቹ ቤት የተሠራ ነው። ሥጋው የእናንተው ነው፣ አይስጉ።»

አቶ ሙሄ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቅቤው ገና ይንቸሰቸሳል። አቶ ደርበው አልጋቸው ጫፍ ላይ ሆነው ሳህኑን አዩት፣ ሥጋውን አዩት፣ ልጃቸውን አዩአት።

«ለእኔስ፣ ልጄ?»

ጥሩዓለም መስኮቷን ዘጋች። ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ድንኳኑ መንገድ ጀመረች። አሥር እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች። ፊቷን ግን አላዞረችም።

«የክርስቲያኑ ገና አልወጣም» አለች። «ጠብቅ።»

አቶ ሙሄ ጎርሰው ወደ ጓደኛቸው ዞሩ።

«አናገረችህ እኮ!» አሉ አፋቸው እንደሞላ።